የእንጨት ጀልባ ላይ ያለ የድሮ ቀለም፦ ሙሉ በሙሉ ልፋቀው ወይስ በላዩ ላይ ልቀባ?

የሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ዓሣ አስጋሪ የእንጨት ጀልባ ገዛሁ። 6 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ሳንቃዎቿ በሚስማር የተያያዙ ናቸው፣ መገጣጠሚያው በጥጥና በሬንጅ ተደፍኗል። ሆዷ ሬንጅ ነው፣ ከውሃ በላይ የሚታየው ጎኗ ደግሞ ዘይት ቀለም። እንጨቷ ባሕር ዛፍ ይመስለኛል፣ አንድ ሁለት ሳንቃ ግን በኋላ የተቀየረ ነው፣ ዝግባ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄዬ ስለ ቀለሙ ነው። ላዩ ሰማያዊ ነው፣ ሲነሳ ሥሩ ቢጫ አለ፣ ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፣ ከሁሉም በታች አንዳንድ ቦታ ላይ ቀይ ነገር። ፀሐይ የሚመታው ጎን በየቦታው ተነፍቶ እየተላጠ ነው። ሌላኛው ጎን ደግሞ በጥፍር ብትቧጭረው እንኳ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ሁሉንም አንሳው ይለኛል፣ ሌላው በላዩ ላይ ደፍተህ ቀባው ይለኛል። እኔ ቤተሰብና እንግዳ ይዤ የምወጣባት ጀልባ እንድትሆን ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ ሥራው ቢዘገይም በደንብ ቢሠራ ይሻለኛል። የሠራችሁበት ንገሩኝ።

ብረት_ሠሪው
ወንድሜ፣ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ግጠምና ጨርሰው። እኛ የብረት በርና የመኪና ሻንሲ የምናጸዳው እንደዚያ ነው። በእጅ እፍቃለሁ ካልክ ክንድህ ይዝላል እንጂ አያልቅም። ግማሽ ቀን በቂህ ነው።

አናጺ_ዘባሕርዳር
@ብረት_ሠሪው፣ ለብረት ልክ ነህ፣ ለእንጨት ግን አይሆንም። የሽቦው ብሩሽ የሳንቃውን ለስላሳ ክፍል ቦርቡሮ ጠንካራውን መስመር ያስቀረዋል። ከዚያ በኋላ ላዩን እንደገና ለማስተካከል መላግ ያስፈልጋል፣ በላግህ ቁጥር ደግሞ ሳንቃው ይሳሳል። የጀልባ ሳንቃ ድሮም ወፍራም አይደለም። ሌላው፣ መገጣጠሚያው ላይ ስትደርስ ብሩሹ ጥጡን ይዞ ይመዘዋል። ያኔ የቀለም ሥራ ያልከው የጥገና ሥራ ሆነብህ ማለት ነው።

@የሐይቅ_ዳር፣ አንተ ራስህ መልሱን ጽፈኸዋል እኮ። አንደኛው ጎን ተላጧል፣ ሌላኛው ንቅንቅ አይልም። የያዘውን ቀለም ለምን ታነሳዋለህ? እንጨቱን አጥብቆ የያዘ የድሮ ቀለም ለአዲሱ ጥሩ መሠረት ነው። የሚነሳው የለቀቀው ነው። የቱ እንደለቀቀ ደግሞ በግምት አትወስን። እንዲህ አድርግ፦ በስለታም ምላጭ ቀለሙ ላይ ጥቂት መስመሮችን በቁመት፣ ጥቂት ደግሞ በአግድም ጫር፣ ትንንሽ ካሬ ይወጣልሃል። እላዩ ላይ ጠንካራ ፕላስተር አጥብቀህ ለጥፍና ባንዴ ንቀለው። ካሬዎቹ ፕላስተሩ ላይ ተጣብቀው ከመጡ እዚያ ያለው ቀለም አለቀለት። ባሉበት ከቀሩ ተዋቸው፣ ማሻከር ብቻ ይበቃቸዋል። ይህንን ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ፣ በሁለቱም ጎን ሞክረው።

ከዚያ ወስፌ ያዝ። ቀለሙ የተነፋበትን ቦታ ሁሉ ውጋው። ጤነኛ እንጨት ወስፌ አያስገባም። እየሰመጠ ከገባ በስብሷል፣ የተነፋውም ለዚህ ነው፤ እርጥበቱ ከውስጥ ሆኖ ቀለሙን እየገፋው ነው። እዚያ ላይ የፈለግከውን ቀለም ብትቀባ በዓመቱ ይነሳል። በተለይ የመቀመጫው እግር ሳንቃውን የሚነካበትን፣ ውስጥ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጥግና የሚስማር ዙሪያ እይ። ይህን ሳታጣራ ስለ ቀለም አታስብ።

ብረት_ሠሪው
እሺ፣ ስለ እንጨቱ ተቀበልኩ። የሚስማሩ ራስ ላይ ግን አሁንም የሽቦ ብሩሽ ያስፈልገዋል፣ በእጅ የሚያዘው ትንሹ። ዝገቱ ሳይነሳ ከተቀባ ዝገቱ አብጦ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። እያንዳንዱን ራስ አጽዳና በዚያኑ ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ንካው፤ ለነገ ካሳደርከው በሐይቅ ዳር እርጥበት መልሶ ይዝጋል።

ሳሮን_ሲያትል
ሰላም። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው፣ ባለቤቴ ጀልባ ጥገና ላይ ስለሚሠራ ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ በየቀኑ የሚወራ ነው። አንድ ነገር ሳትጀምር ላስቆምህ። ቢጫው እና ሥር ያለው ቀዩ አሳስቦኛል።

ደማቅ ቢጫ ዘይት ቀለም ድሮ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የእርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ውህድ ባለው ማቅለሚያ ነበር። ቀዩም ተራ አንቲረስት ሊሆን ይችላል፣ ድሮ ጀልባና ብረት ላይ የሚቀባው የእርሳስ ቀይ ቀለምም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ አገር ደግሞ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ እንዳለበት አድርገህ ያዘው። ለልጅ አንጎል ይሄን ያህል ብትወስድ አይጎዳህም የሚባል መጠን የለውም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በደረቁ በማሽን ማሻከር ይቅር። ብናኙ ነው ሰውን የሚጎዳው፤ ይተነፈሳል፣ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ ቤት ገብቶ ምንጣፍ ላይ ይወርዳል። በፍቅፋቂ የሚነሳው ትልቅ ቅርፊት ይሻላል፣ ምክንያቱም ትሰበስበዋለህ። የብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀም ውሃ እያስነካህ አሻክር። የኮሮናው ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አይሆንም፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል የብናኝ ማስክ ፈልግ። የሥራ ልብስህን እዚያው ቀይር፣ እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ፣ ልጆች አጠገብህ እንዳይመጡ።

ከጀልባዋ ሥር ደግሞ ሰፊ ላስቲክ አንጥፍ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ያዝ። እዚህ ያለ ላስቲክ አንድም ሰው ጀልባ ሲፍቅ አታይም።

አሞራ_ገደል_ልጅ
ሳሮን ያለችውን ላስቲክ ማንም እንደ ትርፍ ነገር እንዳያየው እፈልጋለሁ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣው ግን በትነት ነው። ጣና የገባበት ነገር ቢያንስ በዓባይ ይሄዳል፣ ዝዋይም በቡልቡላ ወደ አብያታ ይፈስሳል። እኛ ጋ ግን የገባ ሁሉ እዚያው ይቀራል። በየዓመቱ በየዳርቻው ጀልባ ተፍቆ ቅርፊቱ አሸዋው ላይ ይቀርና ዝናብ ሲመጣ ተጠርጎ ይገባል። ቆሮሶውም አምባዛውም የሚበላው እዚያ ጭቃ ላይ ያለውን ነው፣ እኛ ደግሞ ቆሮሶውን እንበላለን። አባ ኮዳዎቹም ከሥርህ የወደቀውን ሁሉ እየለቀሙ ይውጣሉ።

ጠዋት ሥራ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ላስቲክህንም ቅርፊቱንም ይዞብህ ይሄዳል። የሰበሰብከውን በጆንያ ቋጥረህ ከሐይቁ አርቅ። አታቃጥለው፣ ጭሱ የባሰ ነው። ዳር ላይም አትቅበረው።

ሌላም ልጨምር። አስጋሪው በላዩ ላይ ደፍቶ የሚቀባው ሥራ ጠልቶ አይደለም። ጀልባዋ ከውሃ በወጣች ቁጥር ቤቱ ገቢ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ልባስ ይጨምርና ይመለሳል። አንተ ጊዜ አለህ፣ ስለዚህ እነሱ ያልቻሉትን ሥራላት።

የሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የእርሳሱ ነገር ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር። ልጆቼ አብረውኝ ሊሠሩ ነበር ያሰቡት፣ ይቀራል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ ጎረቤቴ ሳሙና ይሠራሉ፣ ኮስቲክ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ ቀባው፣ ቀለሙ እንደ ሊጥ ሆኖ ይነሳል አሉኝ። እውነት ብናኝ አይኖረውም፣ ርካሽም ነው። ሁለት፣ በጋዝ እሳት ማሞቅስ? አንድ ልጅ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ፈጣን ነው።

ቀለም_ቀቢው
ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ በሁለቱም ላይ ልመልስልህ።

ኮስቲክ ሶዳ ዘይት ቀለም ያነሳል፣ ጎረቤትህ እውነታቸውን ነው። የሚያነሳው በቀለሙ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ሳሙና ቀይሮ ነው፣ እሳቸውም ሳሙና የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ሶዳው እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ብታጥበውም ስንጥቅና መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አዲሱን ዘይት ቀለም ስትቀባ ያው የቀረው ሶዳ አዲሱንም ከሥሩ ሳሙና ያደርገዋል። ያማረ ሥራ ሠርተህ በጥቂት ወራት ውስጥ እየተነሳ ይመጣል፣ ሰውም ቀለሙ መጥፎ ነው ይልሃል። በር ከሆነ ነቅለህ፣ አጥበህ፣ በኮምጣጤ አክመህ፣ እንደገና አጥበህ ታደርቀዋለህ። ጀልባ ላይ ግን መገጣጠሚያው ጥጥ ነው፣ ጥጡ ሶዳውን ጠጥቶ ይይዘዋል። ተወው። ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል።

የጋዝ እሳቱንም ተወው። ሬንጅ አጠገብ እሳት ይዘህ ልትሠራ? ሬንጁ ይቀልጣል፣ ይያያዛል፣ ጥጡም ይነዳል። ሳሮን እህታችን ያለችው እርሳስ ካለ ደግሞ በእሳት ግለት እየተነነ በቀጥታ ሳንባህ ውስጥ ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሙቅ አየር ማሽን ይሻላል፣ እሱም ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ሆኖ፣ ከሬንጁና ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ። ቀለሙ አረፋ ሲያወጣ ወዲያው በስፓቱላ ታነሳዋለህ። ጭስ ካየህ አቃጥለኸዋል ማለት ነው፣ ራቅ።

ግን እኔን ከጠየቅከኝ የለቀቀውን ቀለም ለማንሳት ሙቀትም መድኃኒትም አያስፈልግም። ስለታም ፍቅፋቂና ሞረድ ይዘህ ተቀመጥ። ሰው በእጅ መፋቅ የሚያማርረው ፍቅፋቂው ስለደነዘ ነው። ጥቂት በሳብክ ቁጥር በሞረድ ሳለው። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር፣ ወደ ራስህ እየሳብክ። ጥግና ጠማማ ቦታ ላይ አናጺዎች የሚጠቀሙበት የተሰበረ የመስታወት ስባሪ ጥሩ ነው፣ ወፍራም ጓንት አድርገህ ያዘው።

አናጺ_ዘባሕርዳር
ጋሼ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። ሬንጁን በተመለከተ፣ በማለዳ ሥራው። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ይሰባበራል፣ በመሮ መታ መታ ስታደርገው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይወርዳል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ካገኘው ይለሰልስና መሣሪያህን ሁሉ ያጨማልቀዋል። እሱንም ቢሆን የተሰነጠቀውንና የተላጠውን ብቻ ነው የምታነሳው።

ሬንጅ ላይ ደግሞ ዘይት ቀለም አትቀባ። ቡናማው ወደ ላይ እየወጣ ያበላሸዋል፣ ቀለሙም ይሰነጣጠቃል። የውሃውን መስመር በፕላስተር አስምር፣ ከሥሩ ሬንጅ፣ ከላዩ ቀለም።

ክሪክ_ዱባይ
ሰላም ከዱባይ። ክሪኩ (ከተማው ውስጥ የሚገባው የባሕር ሰርጥ) ዳር የቆሙትን የእንጨት መርከቦች ሁልጊዜ አያለሁ። እዚህ የድሮዎቹ ሰዎች ከውሃ በላይ ያለውን እንጨት ብዙውን ጊዜ ቀለም አይቀቡትም ነበር፣ የዓሣ ዘይት ነበር የሚያጠጡት። ከውሃ በታች ደግሞ ኖራና የእንስሳ ስብ። ዘይት አይላጥም፣ ስለዚህ መፋቅ የሚባል ጣጣ የለም። ለምን ቀለሙን አንስተህ በዘይት አታደርጋትም? ደግሞ ከፈለግክ እዚህ ለጀልባ ሆድ የሚሆን ፀረ አረም ቀለም፣ መዳብ ያለበት፣ በሽ ነው። ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ።

ሳሮን_ሲያትል
@ክሪክ_ዱባይ፣ ለማገዝ ማሰብህ ደስ ይላል፣ ግን ያንን ቀለም እባክህ አትላክለት። የሚሠራው መርዝ ቀስ እያለ ወደ ውሃው በመልቀቅ ነው፣ ዓላማው ራሱ ያ ነው። ለባሕር የተሠራ ነው፤ ጨው ውሃ ውስጥ መርከብ ላይ የሚጣበቁ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትና እንጨት የሚበሉ ትሎች አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ እነዚያ የሉም። የሚይዛት ዝልግልግ አረንጓዴ ነገር ነው፣ እሱ በብሩሽ ይታጠባል። በባሕር እንኳ ከእነዚህ ቀለሞች የከፋው፣ ቲቢቲ የሚባለው የቆርቆሮ ውህድ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል፣ ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለውም በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የመዳቡም እዚህ ዋሽንግተን ግዛት ሲያከራክር ዓመታት ሆኖታል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ ማስገባቱ ግን ፈጽሞ ልክ አይሆንም።

ቀለም_ቀቢው
ስለ ዘይቱ፦ የዱባዮቹ መርከቦች ቲክ ናቸው፣ ቲክ የራሱ ዘይት ያለው፣ ውሃን የሚችል እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ እንደዚያ አይደለም፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። የሐዋሳ ፀሐይ ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነ ኃይለኛ ነው። ዘይት ብቻ ከሆነ በየጥቂት ወሩ ማጠጣት አለብህ። ቀለም ይሻልሃል።

አሁን ከተፋቀ በኋላ ስላለው ልንገርህ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። እንጨቱ ባዶ ሆኖ የታየበትን ቦታ መጀመሪያ በቲነር የቀጠነ ዘይት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) አጠጣው። መጠጣት አለበት፣ ላዩ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ስቱኮ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ደረቅ እንጨት ላይ በቀጥታ ስቱኮ ካደረግክ እንጨቱ ዘይቱን ከስቱኮው ይመጠዋል፣ ስቱኮው ደርቆ ዱቄት ሆኖ ይወድቃል። ስቱኮ ስልህ ደግሞ የግድግዳውን አይደለም! የግድግዳው በውሃ የሚበጠበጠው ጀልባ ላይ ሟሙቶ ይሄዳል። በዘይት የሚሠራውን ፈልግ፣ ካጣህ ጠመኔ ዱቄት በተልባ ዘይት አቡካ። ዘይቱን የጠረግክበትን ጨርቅ አጨማደህ ጥግ ላይ አትጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ ክምር ጨርቅ በራሱ ይነዳል። ዘርጋው ወይም ውሃ ውስጥ ክተተው።

የቆየው ቀለም ጠርዝና ባዶው እንጨት የሚገናኙበትን ቦታ በ80 ቁጥር ወረቀት፣ ከዚያ በ120 እያረጠብክ አስተካክል። ጣትህን ስታሳልፍበት ደረጃ መሰማት የለበትም። አጥብቆ የያዘው የድሮ ቀለም ላይ 120 ብቻ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ።

የሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)
ጋሼ ተባረኩ። የፕላስተሩን ፈተና ሠራሁት። የጥላው ጎን በሙሉ ያዘ፣ አንድም ካሬ አልተነሳም። የፀሐዩ ጎን ከላይኛው ሳንቃ በስተቀር ሙልጭ ብሎ መጣ። ወስፌው ከኋላ መቀመጫው ሥር ገባ፣ ከዝግባው ሳንቃ ጫፍ አንድ ክንድ ያህሉ በስብሷል። ሳንቃው እንዲቀየር ከአንድ አናጺ ጋር ተነጋግሬያለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ መድረቁ ነው። ከውሃ ከወጣች ጀምሮ መገጣጠሚያዋ መከፈት ጀምሯል። አንዱ በደንብ ሳትደርቅ አትቀባ ይላል፣ አንዱ ደግሞ በጣም ከደረቀች ትበታተናለች ይላል። የቱን ልስማ?

አናጺ_ዘባሕርዳር
ሁለቱም እውነት ነው፣ መሃሉን ነው የምትፈልገው። ፀሐይ ላይ አታስቀምጣት። ዛፍ ሥር ወይም ሸራ ሥር፣ ነፋስ በሥሯ እንዲያልፍ ከመሬት ከፍ አድርገህ በግንድ ላይ አሳርፋት። ሆዷ፣ ሬንጅ ያለበት፣ ከመጠን በላይ እየደረቀ ከመሰለህ ጆንያ አርጥበህ ከውስጥ በኩል አንጥፍላት። የምትቀባው ጎን ነው መድረቅ ያለበት እንጂ ሆዷ አይደለም።

ለመቀባት መድረሱን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ባዶው እንጨት ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ አሳድረው። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካየህ ገና ነው። ደረቅ ከሆነ ቀጥል።

የተከፈተውን መገጣጠሚያ ደግሞ በጠንካራ ነገር አትድፈን። ኤፖክሲም ሆነ እንጨት ሙጫ ከመጋዝ ዱቄት ጋር የሚሉህ አሉ። ሳንቃው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ጠንካራ ነገር ካገኘ ወይ ሚስማሩን ይነቅላል ወይ ሳንቃውን ይሰነጥቃል። ጥጥ ብቻ፣ እሱም እስኪጨናነቅ ድረስ አትጠቅጥቀው፣ ማበጫ ቦታ ተውለት።

አሞራ_ገደል_ልጅ
ወሩንም አስብበት። እዚህ ረጅም ደረቅ ጊዜ የምታገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከመጋቢት በኋላ ዝናቡ ይቆራርጥሃል። አሁን ከጀመርክ ትደርሳለህ። ለመቀባት ደግሞ ረፋድ ይመረጣል፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላና ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት። ከሰዓት ከቀባህ አቧራውም ትንኙም ላዩ ላይ ይቀራል።

ብረት_ሠሪው
ሳንቃው ሲቀየር የተነቀለውን ሚስማር መልሰህ አትምታ። አዲስ ግዛ፣ የቻልክ እንደሆነ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ)። ራሱንም ትንሽ ወደ ውስጥ አስገብተህ በጋሼ ስቱኮ ክደነው፣ ዝገት አያይህም።

የሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)
የመጨረሻ ጥያቄ። ከቀባሁ በኋላ መቼ ነው ውሃ ላይ የማወርዳት? ቤተሰቡ ቸኩሏል።

ቀለም_ቀቢው
ሁለት ልባስ ቀባ፣ በመሃሉ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድር፣ ከሁለተኛው በፊት በ180 ቀለል አድርገህ አሻክር። ወፍራም አንድ ልባስ ከቀጭን ሁለት አይበልጥም፤ ወፍራሙ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይጨማደዳል። ከመጨረሻው ልባስ በኋላ በጥፍርህ ጫን በለው፣ ምልክት ከቀረ አታውርዳት። ሳምንት ስጣት፣ አየሩ ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ።

አናጺ_ዘባሕርዳር
ስታወርዳት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሰው እንዳታሳፍር። ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ በገመድ አስረህ ተዋት። ውሃ ታስገባለች፣ አትደንግጥ፣ ሳንቃው እያበጠ ነው። ውሃውን እየቀዳህ አውጣ፣ በማግስቱም እይ። እየቀነሰ ከመጣ ደህና ናት። በሦስተኛው ቀን በአንድ ቦታ ብቻ እያስገባች ከሆነ እዚያ ላይ ምልክት አድርግና አውጣት፤ ጥጥ ያነሰው እዚያ ነው።

የሐይቅ_ዳር (ሐዋሳ)
እሺ። ነገ ላስቲኩን ገዝቼ ከፀሐዩ ጎን እጀምራለሁ። የሳንቃው ሥራ ሲያልቅ ፎቶ እለጥፋለሁ።